«እድራችን ሸክላ ሠሪዋን አላስገባም አለ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከምዕራብ ጎጃም ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ብዙም ከማይርቅ ትንሽ ከተማ። ላኪው ስሙም የሰፈሩ ስምም እንዳይወጣ ለምኖኛል። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የ34 ዓመት መምህር ነኝ፣ የሁለት ልጆች አባት። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። ዳኛው አባቴ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከነልጆቿ ከገጠር መጥታ እኛ ሰፈር ቤት ተከራየች። ባሏ ሞቶባታል። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት እየሠራች ገበያ ትሸጣለች። ጥር ላይ እድር ልግባ ብላ መመዝገቢያውን ይዛ መጣች። ብሩን ተቀብዬ ደረሰኝ ልቆርጥላት ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ፤ መጀመሪያ ለስብሰባ ይቅረብ አሉ። ቀረበ። ከ120 አባወራ አብዛኛው አይሆንም አለ። ‹ቡዳ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ እህል አንቀምስም፣ ካስገባችሁ እንወጣለን› ያሉም አሉ። አባቴ ዝም አሉ። በመጨረሻ ‹መዋጮ ትክፈል፣ ሲሞትባትም እንቀብርላታለን፣ ግን ምግብ አታምጣ፣ ስብሰባም አትምጣ› የሚል ሐሳብ መጣ፣ ብዙው ሰው ተስማማ። ሄጄ እንድነግራት ተላክሁ። እስካሁን አልነገርኳትም። ብሩም እኔ ጋ ነው። ጓደኛዬ ‹እድር በፈቃዳችን የመሠረትነው ማኅበር ነው፣ ማንን እንደምናስገባ የመምረጥ መብት አለን፣ ሕገ መንግሥቱም ይፈቅዳል› ይለኛል። መልስ አጣሁለት። ከሕሊናዬም፣ ከሰፈሬም፣ ከአባቴም መጣላት አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣

ዳር ዳር ሳልል አቋሜን ልንገርህ። ሴትዮዋ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ አባል ሆና መግባት አለባት። ያንን «ክፈይ ግን አትምጪ» የሚል መልእክት ይዘህ ደጇ እንዳትሄድ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን የጓደኛህን ክርክር ገፋ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ትልቅ ነገር ነው ያነሳው፣ እኔንም ብዙ አሳስቦኛል።

በማኅበር የመደራጀት መብት እንዲሁ የተገኘ ነገር አይደለም። አባትህን ጠይቃቸው። በደርግ ጊዜ ማኅበር ማለት ከላይ ተዘጋጅቶ የሚወርድልህ ነገር ነበር። ወጣቱ አኢወማ፣ ሴቷ አኢሴማ፣ ገበሬው የገበሬ ማኅበር፣ ከተሜው ቀበሌ። ስብሰባ ተብለህ ከቀረህ ትጠየቃለህ። በዚያ ሁሉ መሃል ሰው «ይሄ እንኳ የራሴ ነው» የሚለው ነገር ቢኖረው እድሩ፣ ጽዋው፣ እቁቡ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ከማን ጋር እንደምቀመጥ መንግሥት አይወስንልኝ ሲል ይገባኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል። ከማን ጋር እንደምትሆን መምረጥ ካልቻልክ ደግሞ አብሮ መሆን ራሱ ትርጉም ያጣል። እስከዚህ ድረስ ከጓደኛህ ጋር ነኝ።

ግን ያንኑ ሕገ መንግሥት ስድስት አንቀጽ ወደኋላ ገልጣችሁ አንብቡት። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው፣ ልዩነት ሳይደረግባቸው እኩል ጥበቃ ይደረግላቸዋል ይልና ልዩነት ሊደረግባቸው የማይገባውን ነገር ይዘረዝራል። ዘር አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ ፆታ አለ፣ ሀብት አለ። «ማኅበራዊ አመጣጥ» እና «ትውልድ» የሚሉ ቃላትም አሉ። እኔ እነዚህን ሁለት ቃላት ባነበብኩ ቁጥር የጎጃም ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት። አባቱ ምን ይሠራ ነበር፣ አጥንቱ ወዴት ይቆጠራል ተብሎ ሰው ፊት እንዳይነሳ የተጻፉ ቃላት ናቸው።

ታዲያ የትኛው ያሸንፋል? እኔ ሁለቱን አንቀጾች እንደ ሁለት ባላንጣ አላያቸውም። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ማኅበሩ ምን ዓይነት ማኅበር ነው? የሚከለክልበት ምክንያትስ ምንድን ነው?

እኔ የማርያም ጽዋ አለኝ። አሥራ ሁለት ነን። በወር በ21 ዝክሩ ከአንዳችን ቤት ወደ ሌላችን ይዞራል። አንዷ ስትታመም ጓዳዋ ገብቼ ሊጥ አቦካለሁ። አንዷ ከባሏ ስትጋጭ መጀመሪያ የምንሰማው እኛ ነን። አዲስ ሰው የሚገባው ሁላችንም እሺ ስንል ብቻ ነው፣ ሙሴያችንም ብትሆን ብቻዋን አታስገባም። አሥራ ሦስተኛዋን ፍርድ ቤት ይምረጥልን ቢባል እኔ ራሴ እቃወማለሁ። እኛ ያላስገባናት ሴትም ምንም አይጎድልባትም፤ ከወዳጆቿ ጋር የራሷን ጽዋ ትጀምራለች።

የእናንተ እድር ግን እንዲህ ነው ወይ? 120 አባወራ ናችሁ። የግማሹን ልጆች ስም እንኳ አታውቅም። ሰው እድራችሁ የሚገባው ወዳጃችሁ ስለሆነ ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ ስለሚኖርና ስለሚከፍል ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ የእድሩ ነው። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ዞሮ የሚጠራው የእድሩን ሰው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ እድር የለም። ይህች ሴት እዚህ ካልገባች የት ትግባ? ልጇ ሌሊት ቢሞትባት ጉድጓድ የሚቆፍርላት ማን ነው? እስከ ሠልስት አብሯት የሚቀመጥ ማን ነው? እዚህ አገር እድር የሌለው ሰው ሲሞት ሬሳው ላይ የሚወርደውን ዝምታ አንተም አይተኸዋል። በተለይ ይህ ሁለት ሦስት ዓመት ጎጃም ላይ ስንት ድንኳን እንደተተከለ ለአንተ አልነግርህም። እድር የወዳጆች ጨዋታ አይደለም። ክረምት ላይ ወንዝ እንደሚያሻግር ድልድይ ነው፤ የተወሰነ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ሊሠራው ይችላል፣ ግን ሌላ ማለፊያ ከሌለ የአንዱን ዘር ቆጥረህ «አንተ በውኃው ግባ» ማለት አትችልም።

ምክንያቱን ደግሞ እንየው። እድር ሰው መከልከል የለበትም እያልኩህ አይደለም። የማይከፍለውን ይከልክል። ቀብር የማይወጣውን ይቅጣ፣ ደጋግሞ ከቀረም ያሰናብት። ለቅሶ ቤት ጠብ የሚያነሳውን፣ የእድሩን ሳህን ወስዶ የማይመልሰውን ይጠይቅ። ሰንበቴ ቢሆን ደግሞ ክርስቲያን ብቻ እንቀበላለን ማለት ይችላል፤ የተሰበሰበው ለዚያ ነዋ። እነዚህ ሁሉ ከማኅበሩ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጥፋት ከሆኑም ሰው ይቅርታ ጠይቆ፣ መቀጫ ከፍሎ ይወጣባቸዋል። እሷ የተከለከለችበት ግን መውጫ የለውም። ምን ከፍላ ነው ከእናቷ ልጅነት የምትወጣው?

የራሴን ልንገርህ።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የገበያ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አንዲት ሸክላ ሠሪ እኛ ቤት ትመጣ ነበር። ዕቃዋን በገለባ ጠቅጥቃ፣ በጀርባዋ አዝላ። እናቴ ከእሷ ሌላ ምጣድ አትገዛም፤ የእሷ ምጣድ እንጀራ አይዝም ትላለች። ቡናም ትቀዳላት ነበር። ግን በአንድ ስኒ ብቻ። ጆሮው የተሰበረ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ስኒ ነበር፤ ውጭ አጥሩ ላይ ይደፋል፣ ዝናብ ሲመታው ይከርማል። ስትመጣ እናቴ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ነው የምትቀዳላት፣ አፉ ስኒውን እንዳይነካ። ጀበናውን የሠራችው ያችው ሴት ናት። አንድ ቀን፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በዚያ ስኒ ውኃ ጠጣሁበት። እናቴ አየችኝና ጮኸች። አፌን ደጋግማ አጠበችኝ፣ ቀበሪቾ አጨሰችብኝ። ሴትዮዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ሁሉንም አየች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ምጣዶቿን ማሰር ቀጠለች። በሳምንቱ ቅዳሜ መጣች፤ እናቴም በዚያው ስኒ ቀዳችላት።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ጎረቤት ጦሙን አድሯል ከተባለ ሌሊት ተነስታ የምትጋግር ሴት ናት። የያዘችው ያስተማሯትን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ስታርፍ ያቺ ሸክላ ሠሪ አርጅታ፣ ምርኩዝ ይዛ መጣች። ድንኳን አልገባችም። ውጭ ከዛፍ ሥር ቆማ፣ የእናቴን ስም እየጠራች አለቀሰች። ንፍሮ ሲዞር ለሁሉም በሳህን ሆነ፣ ለእሷ በቅጠል አድርገው ሰጧት። የሟች ልጅ ነኝ፤ «ነይ ግቢ» ብላት የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። አላልኳትም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እሷም ካረፈች ቆየች፣ ይቅርታ የምጠይቃት ሰው የለኝም።

ደብዳቤህን ሳነብ ያ ቅጠል ነው የመጣብኝ። «መዋጮ ትክፈል፣ ምግብ አታምጣ» ያላችሁት ያው በቅጠል የተሰጠው ንፍሮ ነው። ለጋስ ይመስላል። ሬሳዋን እንቀብራለን ትላላችሁ፣ በቁሟ ግን አብራችሁ አትቀመጡም።

ግማሽ አባልነት የሚባለው ነገር ደግሞ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጄይሲስ የሚባል ትልቅ ማኅበር ነበር። ሙሉ አባል የሚያደርገው ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። ሴቶች ተባባሪ አባል ሆነው ይከፍላሉ፣ ሥራውም ላይ ይሳተፋሉ፤ ግን አይመርጡም፣ አይመረጡም። ሚኒሶታ ግዛት ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 እና በ1975 ሴቶችን ሙሉ አባል ማድረግ ጀመሩ። ዋናው ማኅበር ቅርንጫፍነታችሁን እሰርዛለሁ አላቸው፤ እነሱም የግዛቱን የፀረ አድልዎ ሕግ ይዘው አቤት አሉ። ማኅበሩ የተከራከረው ልክ እንደ ጓደኛህ ነው፤ ከማን ጋር እንደምንደራጅ የመምረጥ መብታችን ይከበር አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 ማኅበሩ ተረታ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ እንደ ቤተሰብ ያለ ትንሽና የቅርብ ስብስብ ጠንካራ ጥበቃ አለው፤ ዕድሜውና ፆታው ከሆነለት ያገኘውን ሁሉ የሚመዘግብ፣ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ አባል ያለው ማኅበር ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሴቶች ቢገቡም ማኅበሩ ማለት የሚፈልገውን ከማለት የሚያግደው ነገር የለም። የእኔ ጽዋና የአንተ እድር ማለት ነው እንግዲህ።

ሙሉውን ልንገርህ ካልኩ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በ2000 በ5 ለ4 ድምፅ ለአንድ የስካውት ማኅበር ፈርዷል። ማኅበሩ ያሰናበተውን ሰው መልሰህ መሪ አድርግ ማለት ማኅበሩ የማያምንበትን መልእክት እንዲያስተላልፍ ማስገደድ ነው ብሎ ነው። ስለዚህ እነሱም ጋ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ዳኞቹ ራሳቸው ተከፋፍለዋል። እኔ ግን ያንን ይዤ እናንተን ልጠይቅ። የእናንተ እድር የሚያስተላልፈው መልእክት ምንድን ነው? «ሸክላ ሠሪ ከሰው በታች ነው» የሚል ደንብ አላችሁ? የላችሁም። ያላችሁ ሙት መቅበርና ሐዘንተኛ ማጽናናት ነው። እሷ ብትገባ ከዚህ ውስጥ የሚበላሽባችሁ የቱ ነው?

ስለ ቡዳው ነገር አንድ ሁለት ቃል ልበል። ሽማግሌዎቹን አትሳቅባቸው። ፍርሃታቸው የእውነት ነው፤ ልጅ ሲታመም «በላችው» ተብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ግን ረጋ ብለህ አንድ ነገር ጠይቃቸው። ቡዳ የሚባለው ለምን ሁልጊዜ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሆነ? ለምን ባለ ርስቱ አልሆነም? በእኛ አገር መሬት ያለው ጨዋ ተባለ፤ ብዙ ቦታ እነዚህ ሰዎች ርስት አልነበራቸውምና በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ ከዚያ ያ የእጅ ሥራ እንደ በሽታ ተቆጠረባቸው። ጣና ዳር ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት፣ ሌላው ሰው ወይጦ የሚላቸው ነገዶችም ያው ዕጣ ነው የደረሳቸው። አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ፣ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ይህን ለአባትህ ብትነግራቸው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ይልቅ ይሰሟቸው ይሆናል።

አንድ ክርክር ግን እንዳታበዛ። «የእድሩን ቡና የምናፈላበት ጀበና የማን ሥራ ነው?» ማለት ያምርሃል፣ እውነትም ነው። ግን እሷ እድር የሚገባት ጀበና ስለምትሠራልን አይደለም። ነገ እጇ ቢታመም፣ አንድ ምጣድ መሥራት ቢያቅታት መብቷ አብሮ ይቀራል ማለት ነው? የሰፈሩ ሰው ናት፣ ሟች ናት፣ የምታለቅስበት ቀን ይመጣል። በቃ።

አሁን ወደ ሥራው።

ብሩን አንተ ጋ አታቆየው። ወይ ደረሰኝ ቁረጥላት ወይ እውነቱን ነግረህ መልስላት። ልጆች አሏት፣ ያ ብር ለእሷ የስንት ቀን እንጀራ እንደሆነ አስበው።

ደንባችሁን አውጣና አንብብ። ብዙ እድር ውስጥ «በሰፈሩ ነዋሪ የሆነ፣ መመዝገቢያ የከፈለ፣ ደንቡን የሚያከብር» የሚል ዓይነት ነገር ነው ያለው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ፣ እሷን መከልከል የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ ደንቡን የጣሳችሁት። ክርክሩን ከዚህ ጀምር። «እሷ ምን ዓይነት ናት» ከሚለው ይልቅ «እኛ የፈረምነው ምን ይላል» የሚለው ሰው ያረጋጋል።

ቀጥሎ ደግሞ ጸሐፊ ነህ አይደል? ብዕሩ አንተ ጋ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤውን ስትይዝ ምክንያቱን ሳታለሳልስ ጻፈው። «አመልካቿ በትውልዷ ምክንያት ሙሉ አባል እንዳትሆን ተወሰነ» ብለህ። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብና ፈርሙበት በል። በአፍ ቡዳ ማለት ቀላል ነው። ስሙን ጽፎ መፈረም ግን ለብዙው ሰው ይከብደዋል፤ ልጁ ያነበዋል፣ ነገም ሌላ ሰው ይጠይቅበታል። ደግሞ ሰውን በአደባባይ መስደብ በወንጀል ሕጋችን እንደሚያስጠይቅ አንድ ሰው በለዘበ አፍ ቢያነሳው አይከፋም።

አባትህን በስብሰባ ላይ እንዳትሞግታቸው። እኛ አገር ልጅ አባቱን ሰው ፊት አያርምም፣ ነገሩም በዚያው ይበላሻል። ማታ እሳት ዳር ሄደህ ጠይቃቸው። «አባባ፣ ያን ቀን ዝም ያሉት ለምን ነው?» በላቸው። እኔ እንደሚመስለኝ አባትህ የፈሩት ቡዳውን አይደለም፤ እድሩ በእጃቸው ይፈርሳል ብለው ነው። ያ ከሆነ ፍርሃታቸውን አብረሃቸው ተሸከም። የንስሐ አባታቸውንም አማክር። ይህች ሴት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆነ ከአንድ ጽዋ ነው የምትቆርበው፤ ቄሱ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ከእኔ ደብዳቤ ይበልጣል። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም እንዳይሆን ቀድመህ ሂድ።

እንወጣለን የሚሉትን በተመለከተ። ይውጡ። በክፋት አይደለም ይህን የምልህ፣ መብታቸው ስለሆነ ነው። የዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም ይላል። ድንኳኑን ግን ነቅለው አይሄዱም፣ የእድሩ ነውና፤ ስለ ገንዘቡም ደንቡ የሚለው ይፈጸማል። ከእሷ እጅ እንጀራ አልበላም የሚል ሰው ካለም አይብላ። የማንም ሆድ በሕግ አይታዘዝም። አለመብላት የእሱ ነፃነት ነው፤ እሷን «አታምጪ» ብሎ በእድሩ ስም መከልከል ግን የእሱ ነፃነት አይደለም። ይህን ልዩነት ደጋግመህ አስረዳቸው፣ እኔ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲለዝብ አይቻለሁ።

ምግቡ ላይ ደግሞ የሴቶቹ ነገር አለ። ደብዳቤህ ውስጥ ሚስትህ የለችም። ለቅሶ ቤት እንጀራ ተሸክመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣችሁት እናንተ አባወራዎች። ጠይቃት። የመጀመሪያው ተራ ሲደርስ ሚስትህና ያቺ ሴት አንድ ላይ ቢሄዱ፣ አንዷ እንጀራውን አንዷ ወጡን ይዘው፣ ሰው የቱ የማን እንደሆነ መለየቱን ይተወዋል። ይህን ግን ሚስትህ በሙሉ ልቧ ካላመነችበት አታስገድዳት።

ሕግ ቦታ መሄድስ? ይቻላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ማኅበራትም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት አለባቸው ይላል፤ እድርም ማኅበር ነው። በሌላ በኩል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አያካትትም፤ ማለትም እንደ ሌሎቹ ድርጅቶች የሚመዘግባችሁና የሚቆጣጠራችሁ መሥሪያ ቤት በዚያ አዋጅ የለም። ነፃነታችሁ ሰፊ ነው። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቢሮ አለው፣ አቤቱታ ይቀበላል። እኔ ግን ይህን የመጨረሻ አደርገዋለሁ። ዳኛ ስሟን መዝገብ ላይ ሊያስጽፍላት ይችላል፣ ለቅሶዋ ላይ ሰው ሊያስቀምጥላት ግን አይችልም።

የመክሰሱም ያለመክሰሱም ምርጫ ደግሞ የእሷ ነው፣ የአንተ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ትንሽ የምቆጣህ። ይህን ሁሉ ጽፈህልኝ እሷ ምን እንደምትል አንድ መስመር የለም። ስብሰባ ተቀምጣችሁባታል፣ እጅ ቆጥራችሁባታል፣ እኔም ይኸው ስለ እሷ ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ምናልባት ነገሩን ቀድማ ሰምታለች፤ ትንሽ ከተማ ምን ይደበቃል። ምናልባት መጋፈጥ ትፈልጋለች፣ ምናልባት ልጆቿ እንዳይሰደቡ ብላ ትተወዋለች፣ ምናልባት ሌላ ቦታ እድር ያላት ዘመድ አላት። አታውቅም፣ አልጠየቅሃትምና።

በነገራችን ላይ ከሁሉም ጋር ሳልጣላ ይለቅልኝ ያልከውን ልዋሽህ አልችልም። የሚያኮርፍህ ሰው ይኖራል። ጸሐፊነቱንም ሊወስዱብህ ይችላሉ። ከአባትህ ጋር ግን አትጣላም፣ በትክክለኛው ሰዓት በአክብሮት ከጠየቅሃቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሂድ። ጨለማ ተገን አድርገህ ሳይሆን በቀን፣ ሰው እያየህ። ሚስትህ እሺ ካለች ልጆችህንም ይዘህ። ስብሰባው ላይ የተባለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገራት፣ ከዚያ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለህ ዝም በል። ቡና ታፈላለች። አቦሉን ብቻ ጠጥተህ አትነሳ፤ በረካው እስኪደርስ ቁጭ በል።